ሁለት ሰው የሚሻው ሬዲዮ

ዘይኑልአቢዲን ኑርሁሴንን ሐይቅ ከተማ ውስጥ በሙሉ ስሙ የሚጠራው የለም። ሁሉም «አያ ዘይኑ» ይለዋል። ቤቱን ከእኔ ቤት የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ነው። ከአጥሩ ወዲያ ቁልቁል የማሽላ ማሳ አለ፤ ከማሳው ወዲያ የሐይቁ ውኃ።

ሚስቱ መስኡዳ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል። ልጁ ራዚያ ኮምቦልቻ ባል አግብታ ሄዳለች፤ አርብ አርብ ትደውልለታለች። ከጁምዓ ሲመለስ ስልኩን መዳፉ ላይ አድርጎ ደጃፉ ላይ ቁጭ ይላል። ሲያናግራት ድምፁ ይጎላል። «ደህና ነኝ ልጄ፣ ምንም አልጎደለብኝ» ይላታል። እሷ ስልኩን ከዘጋችው በኋላም ጥቂት ጊዜ ጆሮው ላይ ያቆየዋል። እኔ ሽንኩርት እየኮተኮትሁ ይህን በአጥሩ ቀዳዳ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ሥራው ሬዲዮ መጠገን ነው። ነበር ማለት ይሻላል። ድሮ በገበያ ቀን ገበሬው ሬዲዮውን እንደ ሕፃን በጋቢ አቅፎ እየመጣ ደጃፉ ላይ ይሰለፍ ነበር። አሁን ሬዲዮው ሁሉ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ለእሱ የተረፈው የእጅ ባትሪ ነው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ የመስጊዱና የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ። ሁለቱንም ያለ ዋጋ ነው የሚሠራ። ሰው ሲቀልድበት «አንዱን ብተው አንዱ ብቻውን ሲጮህ ሊያድር ነው» ይላል።

ከዚያ በፊት ወታደር ነበር። በጦር ሜዳ የሬዲዮ ሠራተኛ ሆኖ አምባሰል ተራራ ላይ ስንት ክረምት ከርሟል። ይህን ከእሱ አፍ የሰማ ጥቂት ሰው ነው። እኔ ራሴ መስኡዳ ነግራኝ ነው ያወቅሁት።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ባጃጅ ከደጃፉ ቆመ። ሽታው የሚባል የወረዳ ሠራተኛ ወረደና ከሹፌሩ ጋር ሆኖ ሁለት ከባድ ነገር አወረዱ። አንዱ አረንጓዴ የብረት ሣጥን ነው፤ ፊቱ በቁልፍና በቁጥር የተሞላ። ሌላው የባሰ እንግዳ ነገር ሆነብኝ። የብረት እግር አለው፣ ትንሽ ኮርቻ አለው፣ ግራና ቀኙን እንደ ብስክሌት መርገጫ ያሉ እጀታዎች ወጥተውለታል።

«አያ ዘይኑ፣ ይኼን ያውቁታል?» አለ ሽታው።

አያ ዘይኑ አቧራውን በእጅጌው ጠረገና መዳፉን በሣጥኑ ላይ አሳረፈው፤ በገበያ በሬ የሚገዛ ሰው ሻኛ እንደሚዳብስ አድርጎ።

«ከየት አመጣችሁት?»

«ከአሮጌ መጋዘን፣ ከጆንያ ሥር። በኅዳር ኤግዚቢሽን አለን። ሰው ሲያየው መብራቱ ቢበራ፣ ትንሽ ድምፅ ቢያሰማ ብለን ነው።»

«ትንሽ ድምፅ!» አለ አያ ዘይኑ። «ይኼ ስንት ተራራ የሚሻገር ነገር፣ ትንሽ ድምፅ ይለዋል!»

ሽታው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ሰበሰበ። «ማዳመጥ ይቻላል። ማስተላለፍን ግን እንዳይሞክሯት። ጊዜውን ያውቁታል፤ እርስዎንም እኔንም ያስጠይቃል።»

«ማን ይሰማኝና ነው የምጠየቅ?»

«ኧረ አያ ዘይኑ!»

«አብሽር፣ አላስተላልፍም። ቃሌ ነው።»

ባጃጁ ሲሄድ አያ ዘይኑ ሣጥኑን ወደ ቤት አላስገባውም። ደጃፉ ላይ ከጎኑ ቁጭ አለ። እስኪመሽ አብሮት ቁጭ ብሎ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ጠዋት ላይ የመዶሻ ድምፅ፣ ከሰዓት የሚግል ብረት ሽታ። ሣጥኑን ሲከፍተው አይጥ ጎጆ ሠርታበት ነበርና የተቀዳደደ ጨርቅና የጤፍ ገለባ ሲያወጣ ዋለ። የላላውን ሽቦ በከሰል በጋለ መበየጃ አጣበቀ። ዝገቱን በጋዝ አርሶ በላባ አጠበ። ውስጡ የመስታወት አምፖሎች አሉት፤ አንዷ ተቃጥላ ነበርና ደሴ ድረስ ሄዶ ከሞተ ሬዲዮ ሆድ ምትክ አወጣላት። በእጀታ የሚሽከረከረው ለሬዲዮው ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሞተር ነው። የሞተሩ የከሰል ቁራጮች አልቀው ነበር። ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? የሞቱ የባትሪ ድንጋዮችን ሰብሮ በመሐላቸው ያለውን ጥቁር ዘንግ አወጣ፤ ዘንጉን በሞረድ እየሞረደ በልኩ ቀረጸው።

መጀመሪያ በባጃጅ ባትሪ ሞከረው። አምፖሎቹ ጭል አሉ፤ ድምፅ ግን የለም። የባጃጅ ባትሪ አምፖሉን ያሞቀዋል እንጂ ሬዲዮውን የሚያናግር ጉልበት አይሰጥም። ጉልበቱ ያለው በዚያ ኮርቻ ባለው ሞተር ውስጥ ነው።

አንድ ቀን ከወደ ቤቱ የብረት መውደቅ ሰማሁና በአጥሩ ሾልኬ ገባሁ። ሞተሩ በጎኑ ተጋድሟል፤ አያ ዘይኑም ከጎኑ። በግራ እጁ እጀታውን እያዞረ በቀኝ እጁ ሣጥኑን ሊነካካ ሲሞክር ሞተሩ ተንከባሎ ይዞት ወድቋል።

«አያ ዘይኑ! ተጎዳህ?»

«እኔን ተይኝ። እሱን እይው፣ እጀታው ተጣመመ?»

«አልተጣመመም። አንተ ነህ የተጣመምህ።»

አቧራውን አራግፌለት በርጩማው ላይ አስቀመጥሁት። ቁርጭምጭሚቱ ከጥንት ጀምሮ የማይታዘዘው ነው፤ ያ ቀን ደግሞ አብጦ ነበር።

«ብቻህን ምን ያታግልሃል?» አልሁት።

«ይኼ ሁለት ሰው ይሻል፣ እትዬ ጥሩሰው። አንዱ በሁለት እጁ ያሽከረክራል፣ አንዱ ይሠራል። ያኔ ወንዱ የሚባል የደላንታ ልጅ ነበር የሚያሽከረክርልኝ።»

«ታዲያ እኔ ላሽከርክርልህ።»

«አይሆንም።»

«ሴት ናት ብለህ ነው?»

«ወላሂ አይደለም። መጅ ስትገፋ የኖረች ክንድ ከወንዱ ክንድ ትበልጣለች።» ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። «በምን እመልስልሻለሁ? ማረስ አልችል፣ ማጨድ አልችል።»

ነገሩ ገባኝ። በእኛ አገር ወንፈል ቀልድ አይደለም። አንድ ቀን የሠራልህን ሰው አንድ ቀን ወጥተህ ትሠራለታለህ፤ ጉልበት የሚመለሰው በጉልበት ነው። መመለስ የማይችል ሰው ወንፈል አይጠራም። ጎረቤቱ አይቶ ያግዘዋል እንጂ፤ ያን ቀን ግን ስሙ ከደካሞች ጋር ይቆጠራል። አያ ዘይኑ ከዚያ ቁጥር መግባት አልፈለገም። ለዚህ ነው ብረት እላዩ ላይ ሲወድቅ እንኳ ያልተጣራው።

«ማሽላዬ ደርሷል» አልሁት። «ግሪሳ ሊጨርሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ማማ ላይ ስውል ወገቤን ያመኛል። ጠዋት ጠዋት ወፍ ጠብቅልኝ፤ እኔ ከአስር ሶላት በኋላ ላሽከርክርልህ።»

አሰበበት። «ወንጭፍ እችላለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

«በእግር አይወነጨፍም መቼስ።»

መስኡዳ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ወንፈላችን በማግሥቱ ጀመረ። ኮርቻው ላይ ቀሚሴን ሰብስቤ ተቀመጥሁና እጀታዎቹን ያዝሁ። አያ ዘይኑ ከአየር ድምፅ የሚቀበለውን ረዥም ሽቦ ከጓሮው ዋንዛ ላይ ሰቅሎ ጫፉን ከሣጥኑ አገናኘ፤ የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀ። «ፍጥነቱ አይለዋወጥ። እንደ ወፍጮ» አለኝ። አዞርሁ። ሣጥኑ ውስጥ ቀይ ነገር ፍም መሰለ። ከማዳመጫው አፈትልኮ ሽው የሚል ድምፅ መጣ። ፊቱን አየሁት፤ ቅንድቦቹ ወደ ላይ ወጥተው እዚያው ቀሩ።

ሲያዳምጥ ብቻ እጀታው ቀላል ነው። አንድ ቀን ግን ሽቦውን ከሣጥኑ ፈታና በቦታው ትንሽ የመብራት አምፖል አሰረ። «አትፍሪ፣ እንዲህ ሲታሰር ድምፁ ከቤት አይወጣም፤ ጉልበቱ ሁሉ አምፖሉን አብርቶ ይቀራል። መሣሪያ የሚፈተነው እንዲህ ነው» አለኝ። ከዚያ መልእክት የሚመታባትን ትንሽ ቁልፍ፣ መምቻውን፣ በጣቱ ነካ። እጀታው ክንዴ ላይ ከበደ። ጣቱን አነሳ፤ ቀለለ። አጭር ሲመታ አጭር ክብደት፣ ረዥም ሲመታ ረዥም ክብደት፤ አምፖሉም እኩል ብልጭ ይላል። ፊደሉ ሁሉ በአጭርና በረዥም ምት ነው የሚጻፍ። እኔ ፊደል የለየሁት ስልሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ከልጅ ልጄ ከሰብለወንጌል ደብተር ነው፤ ለእኔ ፊደል ዛሬም ይከብደኛል። በክንዴ ግን ተሸክሜው አላውቅም ነበር።

«ወንዱ» አለ አያ ዘይኑ «መጨረሻ ላይ ምን እንደምጽፍ ከእጀታው ያውቅ ነበር። ለሚስትህ ሰላምታ ደብቀህ ላክህ እያለ ይስቅብኝ ነበር።»

ስለ ዋርካ የነገረኝ በዚያ ሳምንት ነው። ዋርካ የሰው ስም አይደለም፤ የአንድ ጣቢያ መጠሪያ ነው። የአያ ዘይኑ ጣቢያ ሾላ ነበር። ዋርካ የት እንዳለ አይነገረውም፤ የሠራተኛውን ስምም አያውቅ፣ መልኩንም አያውቅ። እጁን ግን ያውቃል። መምቻ የሚመታ ሰው ሁሉ የራሱ እጅ አለው አለኝ፤ እንደ አረማመድ። የዋርካ ሰው የመጨረሻዋን ምት ያስረዝማታል፤ እንግዳ ሸኝቶ በር ላይ እንደሚቆም ሰው። ጦርነት ባለበት ዓመት ሁሉ ማታና ጠዋት የሚያገኘው ያን ሰው ነው። ከመስኡዳ ጋር ከተነጋገርሁት ይልቅ ከእሱ ጋር የተነጋገርሁት ይበዛል አለኝ።

«መጨረሻ ላይ ሠራዊቱ ሲበተን ጠራሁት። ጠብቅ አለኝ። ይኼ ሕግ አለው፣ እትዬ ጥሩሰው። ጠብቅ ከተባልህ ጣቢያህን አትዘጋም፤ እሱ እስኪመለስ ታዳምጣለህ። አዳመጥሁ። ሲመሽ ወንዱ በድካም እጀታው ላይ ተኛ። በማግሥቱ ሬዲዮውን ሰባብራችሁ ውረዱ ተባልን። ሰባበርነው። ከአምባሰል ወርጄ በእግሬ እዚህ ገባሁ።»

«አሁን ይመልስልኛል ብለህ ነው?»

«እብድ አይደለሁም» አለ። «እሱም እንደኔ ሸምግሏል፤ ወይም ሞቷል። ግን ይኼ ሣጥን ዞሮ እኔ ቤት ከመጣ ሌላው እሱ ቤት የማይመጣበት ምን አለ? አንድ ጊዜ እጁን ብሰማ ይበቃኛል። ካልሰማሁም ካለመኖሩ መሆኑን ልወቅና ልዝጋለት።»

ስለዚህ በየቀኑ ያዳምጥ ነበር። እኔ አዞራለሁ፤ እሱ ቁልፉን በፀጉር ስፋት ያንቀሳቅሳል። አንዳንዴ ምት ያገኛል፤ ፊቱ ይበራና ወዲያው ይወድቃል። «የፈረንጅ ነው። ማሽን የሚመታው። እጅ የለውም» ይላል። ከእስጢፋኖስ በኩል የሠርክ ደወል ሲሰማ እኔ እደክማለሁ፤ እሱ ማዳመጫውን አውልቆ «አላህ ይስጥሽ» ይለኛል። ወደ ቤቴ ስሄድ ዞር ብዬ አየዋለሁ። ዝም ያለውን ሣጥን ጨርቅ ያለብሰዋል።

የማሽላው ነገር የተፈጠረው ኤግዚቢሽኑ ሲቃረብ ነው። ጠዋት ቁርሱን ይዤለት ወደ ማሳው ወረድሁ። አያ ዘይኑ ማማው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ወንጭፉ ጉልበቱ ላይ ነው፤ ፊቱ ወደ ውኃው። ከጀርባው ግን ግሪሳው ማሽላው ላይ እንደ ጋቢ ተዘርግቷል። ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል፤ እኔ ከመንገዱ ላይ ሆኜ ሰምቼው ነው የሮጥሁት። እሱ አንገቱን እንኳ አላዞረም።

አልጮህሁም። ጓል አንስቼ ወረወርሁ። ወፉ ሁሉ ሽር ብሎ ሲነሳ ጥላው በላዩ አለፈና ቀና አለ። እኔን አየ። ከዚያ የተራቆተውን ማሽላ አየ።

ከማማው በዘነጉ ተደግፎ ወረደ። አንዱን ባዶ ራስ በመዳፉ ይዞ ቆየ።

«ይጮሁ ነበር?» አለኝ።

«ይጮሁ ነበር፣ አያ ዘይኑ።»

«ብዙ?»

«ብዙ።»

የማሽላውን ራስ ለቀቀው። «ቀጭን ድምፅ ነው የሚሸሸኝ» አለ። «የሰው ንግግር እሰማለሁ። አዛን እሰማለሁ። ቀጭኑ... መቼ እንደሄደ አላወቅሁም።»

ስለ ማሽላው ይቅርታ ሊለኝ አፉን ከፈተ፤ ያ አልነበረም ፊቱን ያጠቆረው። እኔም ገብቶኛል። የሬዲዮው ምት ቀጭን ነው። ከሩቅ ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ ይቀጥናል፣ ከዚያ ሽውታ ሥር ይገባል። እሱ ግን ዋርካ ዝም አለ እያለ ሰንብቷል።

ያን ዕለት ከሰዓት ሣጥኑ ላይ ካሉት ቁልፎች አንዱን አዞረ። ምቱን የሚያወፍር ቁልፍ ነው። የፈረንጁ ማሽን ምት እየወፈረ ሄዶ እንደ እንቁራሪት ሆነ። «ይኼን እሰማዋለሁ» አለ። «ይኼ ግን ጎልቶ የሚመጣ ነው። ዋርካ ቢጠራኝ ደክሞ ነው የሚመጣ። ጎልቶ አይመጣም።» ከዚያ በኋላ ሲያዳምጥ ዓይኑን አይጨፍንም ነበር። ግድግዳውን አፍጥጦ ያያል።

በመጨረሻው ቀን ሽታው ደወለ፤ ነገ ጠዋት በባጃጅ እንመጣለን አለ። አያ ዘይኑ አስር ሰግዶ ጠራኝ። ነጭ ሸሚዙን ለብሷል። ሽቦውን ከሣጥኑ ፈትቶ በቦታው አምፖሉን አስሯል።

«ልዘጋለት ነው» አለ።

«አምፖል ታስሮ እንዴት ይሰማሃል?»

«አይሰማኝም። ለሽታው ቃል ሰጥቻለሁ። ብቻ የጣቢያ መዝጊያ በመምቻ ነው የሚደረግ፤ በአፍ አይዘጋም።»

ኮርቻው ላይ ወጣሁና ማዞር ጀመርሁ። ጣቱን መምቻው ላይ አደረገ። ከዚያ ጀመረ። አጭር፣ ረዥም፣ አጭር። ክንዴ እየከበደና እየቀለለ ሄደ። አምፖሉ በጭቃው ግድግዳ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። አይቸኩልም። ከፈተናው ቀን የበለጠ ብዙ ጻፈ፤ ምን እንደጻፈ አልጠየቅሁትም። ሲጨርስ አምፖሉን ፈታ፣ ሽቦውን መለሰ፣ ማዳመጫውን አጠለቀ። እኔ እያዞርሁ ነኝ። ያልተላከ ነገር መልስ ያመጣል ወይ የሚል ጥያቄ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥሁት።

ብዙ ቆየ። ትከሻዬ ተቃጠለ። አቁሚ አይለኝም፤ እኔም አላቆምሁ። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቆ ዘረጋልኝ።

«አሁን አንቺ ስሚልኝ።»

«እኔ የምቱን ፊደል የት አውቄ?»

«ማወቅ አያስፈልግም። ዝምታው የሬዲዮው ይሁን የጆሮዬ ይሁን መለየት አቃተኝ። ያለውን ብቻ ንገሪኝ። ላጽናናው ብለሽ ግን እንዳትዋሺኝ። በመስኡዳ ይሁንብሽ።»

ቦታ ተለዋወጥን። እሱ የማይታዘዘውን እግሩን ዘርግቶ ኮርቻው ላይ ተቀመጠ፤ እኔ በርጩማው ላይ። ማዳመጫው ከእሱ ጆሮ የቀረ ሙቀት ነበረው። ማዞር ጀመረ።

መጀመሪያ ምንም። ከዚያ ሽው የሚለው መጣ፤ ከውኃው ማዶ የሚዘንብ ዝናብ ዓይነት። ትንፋሼን ይዤ ሰማሁ። ሽውታውን እንደ ሰሊጥ እያበጠርሁ፣ ከሥሩ አንዲት ቀጭን ነገር፣ አንዲት የምታመነታ ምት ፈለግሁ። አያ ዘይኑ እያዞረ ፊቴን ብቻ ያያል። ላብ ከግንባሩ ወደ ቅንድቡ ወረደ፤ አልጠረገውም።

ሰማሁ ልለው ነበር። አንድ ቃል ናት። ያ ፊት ሲበራ ለማየት ስል ብዙ ነገር እሰጥ ነበር። ግን ሰማሁ ካልሁት ደግሞ ሊጠብቅ ነው። ነገ ሣጥኑ ይሄዳል፤ እሱ ያለ ሣጥን ሊጠብቅ ነው።

«አያ ዘይኑ» አልሁት። «ባዶ ነው።»

«ምንም?»

«ሽውታ ብቻ። ወፍራምም የለ፣ ቀጭንም የለ።»

ወዲያው አላቆመም። ጥቂት አዞረ። ከዚያ ክንዱ እየዘገየ ሲሄድ ጆሮዬ ውስጥ ያለው ዝናብም እየሳሳ፣ እየራቀ ሄደ፤ ቀጥሎ ጠፋ። እጁን ከእጀታው ላይ አነሳ።

«እንግዲያ ጆሮዬ አይደለም» አለ።

«አይደለም።»

«አልሐምዱሊላህ።» ይህን ያለው እንደ ተደሰተ ሰው አይደለም፤ ቀብር መልስ ውኃ እንደ ጠጣ ሰው ነው።

ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣና ከዋንዛው ላይ ሽቦውን ማውረድ ጀመረ። ሽቦው ረዥም ነው፤ ለብቻ ሲጠቀልሉት ይተበተባል። እኔ ሄጄ ጫፉን ያዝሁለት።